«ሲስተር፣ ልጁ እስካሁን ካካ አላለም»

በነርስነት ከሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አንዲት አያት ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው የነገሩኝን ግን አልረሳሁም። «ሲስተር፣ ልጁ እስካሁን ካካ አላለም» አሉኝ። ልጃቸው እኛ ጋ ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። በዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበርና ብዙም ሳላስብ «እማማ፣ ገና በደንብ ስላልጠባ ነው። ጡት ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፣ ይመጣል» ብዬ ሸኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ልጁን ታቅፈው ተመልሰው መጡ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። የሚያስመልሰው አረንጓዴ ነው። መጥባትም ትቷል። ቤት ውስጥ ጎረቤት መክሯቸው ቅቤ አልሰውታል፣ ጤና አዳም በውኃ አቅምሰውታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ የእሳቸው ቅቤ አይደለም፤ እሳቸውማ በጊዜው መጥተው ነግረውኛል። የሚያሳፍረኝ «ይመጣል» ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ወደ ሆስፒታል ተላከ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ሆዱ ላይ የሰገራ መውጫ አበጁለት፤ ጠንከር ሲል ደግሞ ዋናውን ቀዶ ሕክምና ሠሩለትና ተረፈ። የሕመሙ ስም ሂርሽፕሩንግ ይባላል። የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1886 ሁለት ሕፃናት ላይ ያየውን በዝርዝር ባቀረበው የዴንማርክ የሕፃናት ሐኪም በሐራልድ ሂርሽፕሩንግ ነው። ከ5,000 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከዚህ ሕመም ጋር ይወለዳል።

ለክትባት ስትመጣ እናትየው አንድ ነገር ጠየቀችኝ፦ «እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» ጎረቤቱ እንደየልቡ ተናግሯል። አንዱ በእርግዝናዋ ጊዜ ደንግጣ ነው ብሏል፤ ሌላው የበላችው ነገር ነው ብሏል፤ የሰው ዓይን ነው ያለም አልጠፋም። «ምንም አላጠፋሽም» አልኳት፤ «ታዲያ ለምን?» ስትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ከጡረታ በኋላ ጊዜ አግኝቼ ሳነብ፣ የመልሱን አንድ ክፍል ያገኘሁት በሕክምና መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በሒሳብ ሰዎች ሥራ ውስጥም ነው። ዛሬ ለወላጆችና ለአያቶች ላካፍላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

ከአንገት እስከ አንጀት መጨረሻ

አንጀታችን የራሱ ነርቭ አለው። በግድግዳው ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሴሎች ተዘርግተዋል። ምግብ ወደ ታች የሚገፋው እነሱ በየተራ «ጨምቅ፣ ልቀቅ» እያሉ ጡንቻውን ሲያዙት ነው። እነዚህ ሴሎች የሌሉበት የአንጀት ክፍል ተጨምቆ ይቀራል፤ አይላላም። ሰገራው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፤ ከላይ ያለው አንጀት ደግሞ እየተነፋ ይሄዳል። የዚያ ሕፃን ሆድ የተወጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያስገርመው ግን እነዚህ ነርቮች በቅለው የተገኙት አንጀቱ ውስጥ አለመሆኑ ነው፤ ከሌላ ቦታ ተጉዘው ነው የመጡት። ፅንሱ የሦስትና የአራት ሳምንት ዕድሜ ላይ ሳለ በጀርባው በኩል አንድ ቱቦ ይዘጋል፤ ይህ ቱቦ ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ነው። ከቱቦው ጠርዝ ላይ ሴሎች እየተላቀቁ በመላው ሰውነት ይሰማራሉ። የነርቭ ጠርዝ ሴሎች ልንላቸው እንችላለን። መጀመሪያ ያስተዋላቸው እ.ኤ.አ. በ1868 የጫጩት ፅንስ ሲያጠና የነበረው ዊልሄልም ሂስ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነው።

እነዚህ ሴሎች የማይደርሱበት የለም። ከፊሎቹ የቆዳችንን ቀለም የሚሰጡ ሴሎች ይሆናሉ። ከፊሎቹ የፊታችንን አጥንትና ልም አጥንት ይሠራሉ። ሌሎቹ ከልብ በሚወጡት ትልልቅ የደም ሥሮች ሥራ ይሳተፋሉ። ከአንገት አካባቢ የሚነሱት ደግሞ በአራተኛው ሳምንት ገደማ ወደ አንጀት የላይኛው ጫፍ ይገቡና ወደ ታች መውረድ ይጀምራሉ። የአንጀቱ መጨረሻ ላይ የሚደርሱት በሰባተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። እናትየው ማርገዟን በቅጡ ሳታረጋግጥ ይህ ሁሉ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል።

ለአንዲት ሴል ይህ እጅግ ረጅም መንገድ ነው። እሷ ስትጓዝ አንጀቱም እያደገ ይረዝማል፤ መድረሻው ከፊቷ ይሸሻል ማለት ነው። እረኛ በሌለበት፣ መንገዱም በየቀኑ በሚረዝምበት እንዲህ ባለ ጉዞ ሴሎቹ ሳይበታተኑ እንዴት ይሄዳሉ?

ሲነካኩ ይሸሻሉ፣ ሲራራቁ ይፈላለጋሉ

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር ነው። ማይክል አበርክሮምቢ የተባለው ተመራማሪ በሳህን ላይ የሚያድጉ ሴሎችን ሲከታተል አንድ ጠባይ አየ። የምትሄድ ሴል ሌላዋን ስትነካ ትቆማለች፤ በነካችበት በኩል መግፋቷን ትተው አቅጣጫ ትቀይራለች። ብዙ ቆይቶ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚሠራው ሮቤርቶ ማዮርና ባልደረቦቹ የነርቭ ጠርዝ ሴሎችም ይህ ጠባይ እንዳላቸው በእንቁራሪት ፅንስ ላይ አሳዩ።

ነገር ግን ይህ ጠባይ ብቻውን ቢሆን ሴሎቹ እየተነካኩ እየተሸሻሹ ክፍል ውስጥ እንደተለቀቀ የዕጣን ጭስ ይበተኑ ነበር። በ2011 የማዮር ቡድን ሁለተኛውን ጠባይ አገኘ። እያንዳንዷ ሴል ሲ-3-ኤ የሚባል ንጥረ ነገር ታመነጫለች፤ ሌሎቹም ሴሎች ይህን እየተከተሉ ወደ እሷ ይመጣሉ። በጤና ሙያ ያለፍን ሰዎች ሲ-3-ኤን የምናውቀው ከበሽታ መከላከል ጋር ነው፤ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ተጎዳ ቦታ ከሚጠሩት አንዱ ነው። ለካ ከመወለዳችን በፊትም የራቀችውን ሴል ወደ ወገኖቿ ይጠራ ኖሯል።

ሒሳቡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጠባይ እንዳለ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ ብቻቸውን ያንን ሁሉ ጉዞ ለማስኬድ ይበቃሉ ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ይህን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለችው የሒሳብ ሊቅ ካረን ፔጅና ባልደረቦቿ ከማዮር ጋር ሆነው በኮምፒውተር ሞከሩት። ውጤቱ የወጣው በ2014 ነው።

የሒሳብ ሞዴል ሲባል አያስደንግጣችሁ። እያንዳንዷን ሴል በነጥብ ትወክላላችሁ። ለነጥቦቹ ደንብ ትሰጣላችሁ፦ «ሌላ ከነካሽ ዞር በይ፤ ከራቅሽ ወደ ሌሎቹ ተመለሽ»። ከዚያ ኮምፒውተሩ ደንቡን በሺህ የሚቆጠር ጊዜ እየደጋገመ ያንቀሳቅሳቸዋል። እናንተ የምትሠሩት አንዱን ደንብ ማንሳት ወይም ማጠንከርና ውጤቱን መመልከት ነው።

መሸሽ ብቻ ሲኖር ነጥቦቹ ተበተኑ። መፈላለግ ብቻ ሲኖር ደግሞ አንድ ላይ ይከማቻሉ እንጂ የሚያስጉዛቸው ነገር የለም። ሁለቱ በልኩ ሲቀላቀሉ ግን ነጥቦቹ አንድ ላይ ሆነው ለረጅም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጓዙ። አለቃ አልተሾመላቸውም፤ «ወደዚያ ሂዱ» ያላቸውም የለም።

ምክንያቱን ለመረዳት የጥምቀትን ሕዝብ አስቡ። ታቦት ሲሸኝ መሀል ላይ ያለው ሰው በአራቱም በኩል ሰው ስላለበት የትም ዞር ማለት አይችልም፤ ከሕዝቡ ጋር ይሄዳል። ፊት ለፊቱ ክፍት የሆነለት ጫፍ ላይ ያለው ነው፤ ስለዚህ ወደ ክፍቱ ይራመዳል። በጣም ከቀደመ ደግሞ ወገኖቹን ፍለጋ ዞር ብሎ ያያል፣ ቆም ይላል። ግራና ቀኙ በግንብ ከተዘጋ ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፊት ብቻ ይፈስሳል። ሴሎቹም እንደዚሁ ናቸው፦ ዳር ያለችው ወደ ባዶው ትገፋለች፣ ከሩቅ የሚመጣው ጥሪ ደግሞ እንዳትጠፋ ይመልሳታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ይህ ዓይነቱ ስሌት ለሴል ብቻ አይሠራም። ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1987 ሦስት ቀላል ደንቦችን ብቻ ሰጥቶ በስክሪን ላይ እንደ እውነተኛ የወፍ መንጋ የሚበሩ ነጥቦችን ሠርቶ ነበር፦ አትጋጩ፣ ከጎረቤታችሁ ጋር እኩል ብረሩ፣ ከመንጋው አትራቁ።

እንደ ሰደድ እሳት

ወደ አንጀቱ እንመለስ። አንጀት ቱቦ ነው፤ ጉዞውም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ የሒሳብ ባለሙያዋ ኬሪ ላንድማንና የፅንስ ተመራማሪው ዶናልድ ኒውግሪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት የሠሩት በዚህ ላይ ነው። የተነሡበት ስሌት ዱሮ የነበረ ነው። ሮናልድ ፊሸር የተባለው እንግሊዛዊ በ1937 አንድ ጠቃሚ የዘር ለውጥ በሕዝብ መካከል እንዴት እየተዛመተ እንደሚሄድ ለማስላት ያወጣው ነው።

ነገሩን በሰደድ እሳት መስሉት። ደረቅ ሣር ላይ የተነሣ እሳት ወደ ፊት የሚሄደው ግንባሩ ላይ ባለው ነበልባል ነው። ከኋላው ያለው ተቃጥሏል፤ ከእንግዲህ የሚጨምረው ነገር የለም። የሴሎቹም ጉዞ እንዲሁ ነው። ከኋላ ያለው የአንጀት ክፍል በሴል ሲሞላ እዚያ ያሉት ወደ ፊት የሚጨምሩት ነገር ጥቂት ነው፤ ግንባር ላይ ያሉት ግን ባዶ ቦታ ስላላቸው እየተባዙ ግንባሩን ወደ ፊት ይገፉታል። ሞዴሉ ይህን ተነበየ። ቡድኑም በወፍ ፅንስ አንጀት ላይ ፈትኖት እንደተባለው ሆኖ አገኘው። ይህን በ2007 አሳተሙ።

ከዚህ አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ጉዞው እንዲጠናቀቅ የሴሎቹ ብዛትና የመባዛታቸው ፍጥነት እያደገ ከሚሄደው አንጀት ጋር እኩል መሮጥ አለበት። መጀመሪያ የገቡት ጥቂት ከሆኑ ወይም ሲባዙ ከዘገዩ ግንባሩ መሀል መንገድ ይቀራል። ሳይሞላ የሚቀረው ሁልጊዜ መጨረሻው ነው። እኛ በሥራ ላይ እናየው የነበረውም ይኸው ነው፤ በሂርሽፕሩንግ ሕመም ነርቭ የሌለው ክፍል ከፊንጢጣ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። በአብዛኞቹ ሕፃናት፣ ከአሥሩ በስምንቱ ገደማ፣ የጎደለው የታችኛው አጭር ክፍል ብቻ ነው። በጥቂቶቹ ግን ትልቁ አንጀት በሙሉ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

«ምን አጥፍቼ ነው?»

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ።

ሕመሙ በዘር በሚወረሱ ነገሮች ላይ እንደሚመሠረት የታወቀ ነው። ዋናው ሬት የሚባለው ጂን ነው፤ ይህ ጂን ሲጎድል ሴሎቹ አንጀቱ የሚልክላቸውን «ኑ፣ ተባዙ» የሚል መልእክት በደንብ አይቀበሉም። ሕመሙ በወንዶች ላይ ከሴቶች ይልቅ ይበዛል። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ልጆችም ይበዛል። አንድ ልጅ የታመመበት ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የሚቀጥለው የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሕፃን ከፍ ይላል።

ሆኖም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አንድ ዓይነት ዘር ያላቸው፣ በአንድ ማህፀን ያደጉ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዘሩም፣ የእናት ምግቡም፣ ድንጋጤውም አንድ ነው፤ ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የሜልቦርኑ ቡድን ይህን በ2015 በሞዴል መረመረው። እያንዳንዷን ሴል ዕጣ እንደምትጥል አድርገው ሠሩ፤ አሁን ትከፈል ወይስ አትከፈል፣ ወደዚህ ትሂድ ወይስ ወደዚያ። ከዚያ አንዱንም ቁጥር ሳይለውጡ ደጋግመው አስኬዱት። ሁኔታው ለሴሎቹ የተመቸ ሲሆን አንጀቱ ሁልጊዜ ይሞላል። በጣም የከፋ ሲሆን ሁልጊዜ ሳይሞላ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ሲሆን ግን አንዳንዴ ይሞላል፣ አንዳንዴ ጫፉ ላይ ሊደርስ ሲል ይቀራል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለያየው የሴሎቹ ዕጣ ነው።

እኔ ይህን ሳነብ ያቺን እናት አስታወስኩ። ዘር ጠርዝ ላይ ያደርሳል፤ ከጠርዙ የሚወድቀውንና የማይወድቀውን ግን አንዳንድ ጊዜ የሚለየው በሰባት ሳምንት ውስጥ በጥቂት ሴሎች ላይ የሆነ ነገር ነው። ያንን ደግሞ በደንብ የበላችም ሆነ የጾመች፣ የደነገጠችም ሆነ የተረጋጋች እናት ልትቆጣጠረው አትችልም። ሞዴል ሞዴል ነው፤ የሰው ገላ ከነጥብና ከቁጥር በላይ የረቀቀ ነው። ቢሆንም በአጋጣሚ ብቻ ምን ያህል ልዩነት ሊፈጠር እንደሚችል በግልጽ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ትዳር በ«ያንቺ ዘር ነው፣ ያንተ ዘር ነው» ሲናጋ አይቻለሁና።

ብዙ ሴቶች ስለሚጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወሰደው ፎሊክ አሲድ የጀርባው ቱቦ ሳይዘጋ እንዳይቀር ይከላከላልና አትተዉት። የሂርሽፕሩንግ መከላከያ ግን አይደለም። ለዚህ ሕመም ያለን መሣሪያ ቶሎ ማወቅ ነው።

አያትም እናትም ልታውቀው የሚገባ

ጤነኛ ሆኖ ቀኑ ሞልቶ የተወለደ ሕፃን እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ የመጀመሪያ ካካውን አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይላል። እስከ 48 ሰዓት የማይል በጣም ጥቂት ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ ሊዘገይ ይችላል። ዘገየ ማለት ሁልጊዜ ይህ ሕመም አለ ማለት አይደለም፤ በ24 ሰዓት ካላለ ግን ለጤና ባለሙያ ንገሩ፣ 48 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ሳይታይ ቤት አይቆይ። ሆዱ ከተወጠረ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ ወይም መጥባት ከተወ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

ቅቤ አታልሱት። ጤና አዳም፣ ፌጦ፣ የስኳር ውኃ አትስጡት። ሳሙና ቀርጻችሁ ከታች አታስገቡ። ከታች የተዘጋ አንጀት ላይ ከላይ መጨመር አይጠቅምም፤ በአፍ የተሰጠው ነገር ደግሞ ሳንባው ሊገባ ይችላል። እስከ ስድስት ወር የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው፤ እንገሩም አይደፋ።

ሕመሙ ቀለል ያለ ሲሆን ሳይታወቅ ሊቆይም ይችላል። ከተወለደ ጀምሮ ሆድ ድርቀት የማይለቀው፣ ሆዱ የተነፋ፣ ሰውነቱ አልፋፋ ያለ ልጅ ካላችሁ «የእሱ አመሉ ነው» ብላችሁ አትለፉት። እንዲህ ያለ ልጅ ድንገት ትኩሳት፣ የሆድ መወጠርና በጣም የሚሸት ተቅማጥ ከያዘው አንጀቱ ተቆጥቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሕይወት የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው።

ሐኪሞች ሕመሙን የሚለዩት በፊንጢጣ በኩል ፈሳሽ ሰጥተው በሚያነሡት ራጅና ከአንጀቱ ጫፍ ትንሽ ናሙና ወስደው በማይክሮስኮፕ የነርቭ ሴል መኖሩን በማየት ነው። ሕክምናው ነርቭ የሌለውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ ጤነኛውን ወደ ታች ስቦ መስፋት ነው። ይህን መጀመሪያ የሠራው ኦርቫር ስዌንሰን የተባለ የአሜሪካ ሐኪም ነው፤ በ1948 አሳተመው። ልጁ ደካማ ከሆነ ወይም ዘግይቶ ከመጣ በመጀመሪያ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ የሰገራ መውጫ ይደረግለታል። ይህን ሲያዩ የሚደነግጡና ልጁን ከሰው የሚደብቁ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። አትደንግጡ፤ ሕይወቱን የሚያቆየው እሱ ነው፤ በአብዛኛው ደግሞ ኋላ ይዘጋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንዳንዶቹ ሆድ ድርቀት ወይም ማምለጥ ያስቸግራቸዋልና ክትትሉ አይቋረጥ።

የዚያ ልጅ አያት ሁለተኛ ቀን ላይ ሲመጡ ትክክለኛውን ጥያቄ ይዘው ነበር። የሚሰማቸው አላገኙም እንጂ። ስለዚህ ለአያቶች የምለው አንድ ነው፦ ልጁ የተወለደበትን ሰዓት እንደምትይዙ ሁሉ የመጀመሪያ ካካውንም ሰዓት ያዙ። ከዘገየ ሂዱና ንገሩ። እንደኔ «ይመጣል» የሚል ነርስ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትመለሱ፤ «አንዴ ልብሱን ገልጠሽ ሆዱን እይልኝ» በሏት።